በአንድ እግር ሠላሳ ሦስት ዓመት

ጋምቤላ ውስጥ አንድ ቀልድ ሦስት ጊዜ ይሳቅበታል። ይህን የተማርኩት ቪዲዮ ቤት ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ከባሮ ድልድይ ብዙም ሳይርቅ፣ ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ የሆነ አንድ ቤት ነበር። መስኮቱ በጥቁር ጨርቅ ተከድኗል፤ በሩ ላይ የዕለቱ ፊልም በጠመኔ ተጽፏል። ውስጡ ምድጃ ነው። ከፊት ምንጣፍ ላይ ልጆች፣ ከኋላ አግዳሚ ላይ ጎረምሶች፣ ፊት ለፊት አንድ ቴሌቪዥንና አንድ ዴክ፤ ጀነሬተሩ ውጪ ይንጫረራል። ፊልሙ ቀልድ ሲሆን መጀመሪያ የሚስቀው እንግሊዝኛ የሚሰማው ነው፤ ብዙ ጊዜ አስተማሪ፣ አለዚያም ከስደተኞች ጣቢያ የመጣ ወጣት። ከጎኑ ያለው «ምን አለ? ምን አለ?» ብሎ ይወተውተዋል። በአማርኛ ሲነገር ሁለተኛው ሳቅ ይመጣል። ከዚያ ወሬው በኑዌርኛና በአኙዋክኛ እያለ ወደ ምንጣፉ ይወርዳል፤ ልጆቹ ሆዳቸውን ይዘው ሲንከባለሉ ሦስተኛው ሳቅ ደረሰ ማለት ነው። በዚያን ጊዜ ፊልሙ ሌላ ቦታ ደርሷል፤ ግድ የሚሰጠው ግን አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ አስቂኝ ፊልም ሳይ የምመዝነው በዚሁ ነው። አንዴ ብቻ የተሳቀበት ቀልድ የቃላት ጨዋታ ነው፤ ሲተረጎም ይሞታል። ሁለት ጊዜ የተሳቀበት ጥሩ ቀልድ ነው። ምንጣፉ ድረስ የወረደው ግን ከአፍ ሳይሆን ከሰው ባሕርይ የተቀዳ ነው፤ እንዲህ ያለው አያረጅም። በዚያ ቆርቆሮ ቤት ካየኋቸው ሁሉ ሦስቱንም ሳቅ ደጋግሞ ያስገኘው «ካሚንግ ቱ አሜሪካ» ነበር። ካሴቱ ከመታየቱ ብዛት ሥዕሉ መጨረሻ ላይ በረዶ ጥሎበት ነበር። ተከታዩን «ካሚንግ 2 አሜሪካ»ን ያየሁት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ሰው ቤት፣ ፍላሽ ላይ ተጭኖ ነው። የተመልካቹ ስብጥር ያው ነበር፤ ሦስት ቋንቋ፣ አንድ ቴሌቪዥን። ሳቁ ግን ያው አልነበረም። ይህ ጽሑፍ የሁለቱ ፊልሞች ዳሰሳ ነው፤ ሳቁ የት እንደቀረም ፍለጋ ነው። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ስለ አንድ ቃል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ «ካልት» የሚሉት ዓይነት ፊልም አለ። ተመልካቹ ቃለ ተውኔቱን በቃሉ ይዞ ከተዋናዩ እኩል የሚለው፣ ልብሱን የሚለብሰው፣ በዓመት በዓመት ተሰብስቦ የሚያየው ፊልም ነው። በአማርኛ አንድ ቃል ባይኖረንም ነገሩን እናውቀዋለን፤ የደረጀና የሀብቴን፣ የአለባቸውና የልመንህን ቀልዶች በቃሉ የማይል የዚያ ዘመን ሰው ማን አለ? ብዙ ጊዜ ካልት የሚሆነው ሲወጣ ገበያ ያላገኘ ሥራ ነው። የኮኤን ወንድማማቾች «ዘ ቢግ ሌቦውስኪ» በ1998 ሲወጣ የሲኒማ ገቢው መጠነኛ ነበር፤ በ2002 ግን ለእሱ ብቻ የሚከበር ፌስቲቫል በአሜሪካ ሉዊቪል ከተማ ተጀመረ። «ካሚንግ ቱ አሜሪካ» በዚህ መንገድ አልመጣም። በ1988 ሲወጣ ከዓመቱ ትልልቅ ገቢ ካስገቡት አንዱ ነበር። ካልት ያደረገው ከሲኒማ ከወረደ በኋላ ያለው ሕይወቱ ነው፤ ካሴቱ፣ ቴሌቪዥኑ፣ የፀጉር ቤት ወሬው። ስቱዲዮ ፊልም ይሠራል፤ ካልት የሚሠራው ግን ተመልካች ነው። ለምን ይህን አነሳሁ? ተከታዩ ፊልም ይህን ልዩነት ባለመገንዘቡ ነው የወደቀው።

ታሪኩን የማያውቅ ካለ በአጭሩ ይኸው። ዛሙንዳ የምትባል፣ ካርታ ላይ የሌለች ሀብታም የአፍሪካ መንግሥት አለች። ልዑል አኪም ሃያ አንድ ዓመት ሲሞላው፣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ለእሱ ስትዘጋጅ የኖረች ልጅ ትቀርብለታለች። እሱ ግን ለዘውዱ ሳይሆን ለራሱ የምትወደው ሴት ፍለጋ ከባልንጀራው ከሴሚ ጋር ወደ ኒውዮርክ ይሄዳል፤ ድሃ መስሎ ኩዊንስ ሠፈር ይከራያል፤ የማክዶናልድስን ስምና ቀለም በተዋሰ «ማክዶዌልስ» በተባለ ምግብ ቤት ወለል ይወለውላል። የባለቤቱን ልጅ ሊሳን ይወዳል። ዳይሬክተሩ ጆን ላንዲስ ነው። አኪምን ኤዲ መርፊ፣ ሴሚን አርሴንዮ ሆል፣ ንጉሡን ያ ነጎድጓድ ድምፅ ያለው ጄምስ ኧርል ጆንስ ይጫወታሉ።

አንዱን ትዕይንት ቀረብ ብለን እንየው። አኪም በኩዊንስ የመጀመሪያ ማለዳው ነው። ከተሰነጣጠቀው ሕንፃ የብረት ደረጃ ላይ ወጥቶ እጁን ዘርግቶ ለመላው ሠፈር እንደምን አደራችሁ ይላል። ከማዶ መስኮት የሚመልስለት ድምፅ ጸያፍ ስድብ ይወረውርበታል። ሌላ ፊልም ቢሆን እዚህ ላይ ልዑሉ ይደነግጣል፣ ያፍራል፣ እኛም በሞኝነቱ እንስቃለን። አኪም ግን ፊቱ ይበራል። ስድቡን የአገሩ ሰላምታ ነው ብሎ በሙሉ ደስታ ያንኑ መልሶ ይመልሳል። ይህ ትዕይንት ቪዲዮ ቤታችን ውስጥ ሦስቱንም ሳቅ አግኝቶ አራተኛም ተጨምሮበታል፤ ስድቡን መተርጎም ያፈረው አስተርጓሚያችን ራሱ የሳቁ ምክንያት ሆኖ ነበርና።

ቀልዱ ምን ላይ እንደቆመ ልብ በሉ። እንግዳው አልተዋረደም። ሰላምታ ሳይመለስ ሲቀር ጉድለቱ የሰጪው ሳይሆን የከለከለው መሆኑን የጋምቤላ ሰው ያውቃል። እዚህ መንገድ ላይ ማንንም በዝምታ አታልፍም፤ ኑዌሩን «ማሌ» ብለህ ታልፋለህ፣ ሌላውን በቋንቋው። አኪም ሰላምታውን ይዞ ሰላም ወደማይባባሉበት አገር ሄደ፤ የሚያስቀው አገሩ ነው እንጂ እሱ አይደለም። ፊልሙ በሙሉ በዚህ ሕግ ይሄዳል። አከራዩ ክፍሉን ሲያሳያቸው ወለሉ ላይ የተገደለ ሰው ቅርፅ በጠመኔ ተሠርቷል፣ ከጎኑ የውሻው ቅርፅ። ልዑሉ እንዲህ ያለ የድህነት ኑሮ ፍለጋ ነበርና የመጣው ደስ ይለዋል። የምግብ ቤቱ ባለቤት ቅስት ምልክቱ ከማክዶናልድስ ቅስት በምን እንደሚለይ በከባድ ቁም ነገር ያስረዳል፤ ከሌላ አገር ስምና ቀለም የተዋሰ ሱቅ ያልሞላበት ከተማ አገራችን ውስጥ የለምና ለዚህኛው ማስተርጎም እንኳ አላስፈለገም። ከአፍሪካ የመጣው ሰው የሁሉም ቀልድ መለኪያ ቀጥ ያለ እንጨት ነው፤ ጠማማው በእሱ ይታያል።

ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ከፊልሙ ስምንት ዓመት በፊት በ1980 የደቡብ አፍሪካው ጄሚ ዩይስ «ዘ ጎድስ መስት ቢ ክሬዚ»ን አውጥቶ ነበር፤ ከአውሮፕላን የወደቀ የኮካ ኮላ ጠርሙስ ሰላማቸውን ያወከባቸው የካላሃሪ ሰዎች ታሪክ። እኔም ስቄበታለሁ፤ አልክድም። ኒካው የተባለው ባለታሪክ ፊት የማይረሳ ነው። ነገር ግን እዚያ አፍሪካዊው የሚወደደው ምንም ስለማያውቅ ነው። በአፓርታይድ ዘመን የተሠራ መሆኑ ሲታሰብ ደግሞ ያ የዋህነት ለማን እንደሚመች ግልጽ ነው። በ1989 ሁለተኛው ክፍል ወጣ። ቀጥሎ የሆንግ ኮንግ ፊልም ሠሪዎች ያንኑ ሰው ወስደው በ1990ዎቹ የራሳቸውን ተከታዮች አበጁለት። ሰውየው አልተለወጠም፤ በየፊልሙ ለአዲስ ዕቃ እንዲደነቅ ብቻ ተደረገ። ተከታይ ፊልም ባለታሪኩን ካላሳደገው እንስሳ ማሳያ ቦታ ያስገባዋል።

አሁን ወደ ተከታዩ እንምጣ። «ካሚንግ 2 አሜሪካ» በመጋቢት 2021 በአማዞን ወጣ፤ ዳይሬክተሩ ክሬግ ብሩወር ነው። ወረርሽኙ ሲኒማ ቤቶችን ዘግቶ ስለነበር ፓራማውንት ለአማዞን ሸጦታል። ሠላሳ ሦስት ዓመት አልፏል። አኪም ሦስት ሴቶች ልጆች ወልዷል፤ የዛሙንዳ ሕግ ግን ዙፋን ለሴት አይሰጥም። አባቱ ሊሞት ሲል፣ አኪም ያን ጊዜ ኒውዮርክ ሳለ ሳያውቅ ወንድ ልጅ ወልዶ እንደነበር ይነገረዋል። ኩዊንስ ሄዶ ላቬል የተባለውን ጎልማሳ ልጁን ከነእናቱ ወደ ዛሙንዳ ያመጣል። የጎረቤት አገር ጄኔራል ኢዚ ደግሞ ሴት ልጁን ካላጋባችሁ ጦርነት ነው እያለ ደጅ ቆሟል።

ፍላሹ ቴሌቪዥኑ ላይ ሲሰካ ይህን መነሻ ሰምቼ ከወንበሬ ተነሥቼ ነበር ማለት ይቻላል። ምክንያቱም ይህ የእኛ ታሪክ ነው። ጋምቤላ ሕዝቧን ወደ አሜሪካ የላከችው በልዑል ሻንጣ ሳይሆን በስደተኛ መታወቂያ ነው። ከኢታንግና ከፑኝዶ ጣቢያዎች ተነሥተው ዛሬ በሚኒሶታ የአኙዋክ፣ በኔብራስካ ኦማሃ የኑዌር ሰፋፊ ማኅበረሰቦች አሉ። ከአርባ ዲግሪ ሙቀት ወደ በረዶ የገባ ሰው እዚህ ተረት አይደለም፤ የአክስት ልጅ ነው። ፊልምም ይህን መንገድ ያውቀዋል። በልጅነቱ ጦርነት ሸሽቶ ኢትዮጵያ በኢታንግ የተጠለለው ጌር ዱዋኒ የመጀመሪያ ሚናውን ያገኘው በ2004 በወጣው የዴቪድ ኦ. ራስል እንግዳ ኮሜዲ «አይ ሃርት ሃካቢስ» ውስጥ ነው። በ2014 ደግሞ «ዘ ጉድ ላይ» ላይ ከሪስ ዊዘርስፑን ጋር ተጫወተ። እዚያው ፊልም ላይ የስደተኞቹን እህት የምትጫወተው ኩዎት ዊየል የተወለደችው ኢታንግ ጣቢያ ውስጥ ነው።

«ዘ ጉድ ላይ» ኮሜዲ አይደለም፤ ቀልዱን ግን ከአኪም ወርሷል። ስደተኞቹ አሜሪካ ገብተው ስልክ ሲጮኽ የሚጮኸው ምን እንደሆነ ሳያውቁ ይፋጠጣሉ። ይህ የተለመደው የአላዋቂ ቀልድ ነው፤ ሁለት ሳቅ ያገኛል። ትንሽ ቆይቶ ግን የጌር ዱዋኒ ባለታሪክ ገበያ አዳራሽ ተቀጥሮ ደህና ምግብ እንዲጥል ይታዘዛል። ደጅ ለቆመች ችግረኛ ሴት ሲሰጣት አለቃው ይቆጣዋል፤ እሱም መሥሪያ ልብሱን አውልቆ ይሄዳል። እዚህ ማንም አይስቅም፤ ግን የአኪም ሕግ ነው የሠራው። ቀጥ ያለው እንጨት ተተከለ፣ ጠማማው ታየ።

እንግዲህ ተከታዩ ፊልም ይህን ሁሉ ገልብጦ መሥራት ይችል ነበር። አሁን የሚመጣው እንግዳ አሜሪካ የተወለደው ልጅ ነው፤ ቤቱ ደግሞ አፍሪካ። እንዲህ ያለውን እንግዳ እኛ በየክረምቱ እንቀበለዋለን። ከሚኒሶታ የመጣ የሃያ ዓመት ወጣት ከአውሮፕላን ሲወርድ ሙቀቱ በጥፊ ይመታዋል። አያቱ እጁን ይዘው በቋንቋቸው ሲያወሩ ይስቃል፤ ምን እንደተባለ ግን አያውቅም። ሽማግሌዎቹ ስሙን ሳይሆን «የማን ልጅ ነህ?» ብለው ይጠይቁታል። የአባቱን ስም ይናገራል። «የእሱስ አባት?» ይቀጥላሉ። ሦስተኛው ላይ ይቆማል። ዝም። ሽማግሌው አይቆጡም፤ ቀስ ብለው የቀሩትን ስሞች እየቆጠሩ እስከ ስምንተኛው ያደርሱለታል፤ ልጁም ስልኩን አውጥቶ ይቀዳቸዋል። እዚህ ውስጥ ሳቅ አለ፣ እንባም አለ። ሦስት ሳቅ ዋስትና ያለው ትዕይንት ነው።

ፊልሙ በዚህ ፋንታ ምን ሰጠን? ላቬል ልዑል ለመሆን ሦስት ፈተና ይቀርብለታል። አንዱ የታሪክና የፖለቲካ ዕውቀት ነው፤ በሁለት ዓረፍተ ነገር ያልፋል። ሁለተኛው ከተኛ አንበሳ ጺም መቁረጥ ነው። ሦስተኛው ግርዛት ነው፤ ያም ቢሆን የውሸት ሆኖ ይገኛል። አንበሳው ምንጣፉን አሳቀ፤ ፍትሐዊ ልሁንና ይህን ልመስክር፤ ሰው ሲፈራና ሲሮጥ በየትኛውም ቋንቋ ያስቃል። ግርዛቱ ላይ ግን ክፍሉ ቀዘቀዘ። ግንባራቸው ላይ የስድስት መስመር ምልክት ያለባቸው አንድ አባት አብረውን ነበሩ። ወንድ ልጅ ሰው የሚሆንበትን ሥርዓት በቢላዋ ማስፈራሪያ ቀልድ ማድረግ ለማን እንደታሰበ አልገባቸውም። እኔም አልገባኝም። አንድ ጎረምሳ ደግሞ ፊልሙ ሊያልቅ ሲል የጠየቀው ጥያቄ ከማንኛውም ሃያሲ የተሻለ ነበር፦ «ይህ ንጉሥ ስንት ከብት አለው?» ዝሆን አይቷል፣ የሜዳ አህያ አይቷል፣ ከብት ግን አላየም። ከብት የሌለው ንጉሥ፣ የማያርስ የማያረባ ሕዝብ። በመጀመሪያው ፊልም ዛሙንዳ የሠላሳ ደቂቃ ተረት ስለነበረች ይህን አንጠይቅም። ተከታዩ ግን ታሪኩን በሙሉ እዚያ አስቀምጦ አገሪቱን ሳይሠራት ቀረ። ቤተ መንግሥቱ የተቀረጸው በአሜሪካ አትላንታ አጠገብ፣ በራፐሩ ሪክ ሮስ መኖሪያ ቤት ውስጥ ነው፤ ያስታውቃል። የልብስ ነዳፊዋ የሩት ካርተር ልብሶች ብቻ ናቸው አገር የሚመስሉት።

ከዚህ የከፋው ልጁ የተወለደበት መንገድ ነው። የመጀመሪያው አኪም የተዘጋጀችለትን ሴት እምቢ ብሎ ባሕር የተሻገረ ሰው ነበር። ተከታዩ ይህን ታሪክ ወደኋላ ተመልሶ ይቆፍረዋል፤ ለካ አንድ ሌሊት ራሱን እስኪስት አጭሰውት፣ ፈቃዱ ሳይጠየቅ ልጅ ተወልዷል። ፊልሙ ይህን በሳቅ ያልፈዋል። ወንድና ሴቱ ቢቀያየሩ ማንም አይስቅም ነበር። ጥሩ ተከታይ ከቀዳሚው ላይ ይጨምራል፤ ይህ ግን ከቀዳሚው ሰረቀ።

አንዲት ሴት ግን አለች፣ የተከታዩን ድክመት ሁሉ በአንድ እግሯ የተሸከመች። ኢማኒ ትባላለች። በ1988ቱ ፊልም ለአኪም የቀረበችው ሙሽራ ናት። አኪም ፈቃድ እንዳላት ሊፈትን ወደ ጎን ወስዶ እንደ ውሻ እንድትጮህ፣ በአንድ እግር እንድትዘል ያዛታል። ትጮሃለች፤ ትዘላለች። ሳቃችን ምንጣፉ ድረስ ወርዶ ሲያበቃ ክፍሉ ዝም ያለው እዚያ ነበር። በከብት በሚቆጠር ጥሎሽ፣ አኙዋክ ዘንድ ደግሞ ድሙይ በሚባለው ዶቃ ሴት ልጅ በምትዳርበት አገር፣ «አንቺ ምን ትወጂያለሽ?» የሚለው የአኪም ጥያቄ ቀልድ ብቻ አልነበረም። ልጅቷ መልስ አልነበራትም፤ የተማረችው እሱ የሚወደውን መውደድ ነበር። አኪም አገር ጥሎ የሄደው በዚያ መልስ ምክንያት ነው።

በተከታዩ ፊልም ኢማኒን ስናገኛት አሁንም በአንድ እግሯ ትዘላለች። አሁንም ትጮሃለች። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም አቁሚ አላላትም። ሠሪዎቹ ይህን ያስገቡት የድሮውን ወዳጅ «አስታወስክ?» ለማለት ነው። እኔ ግን ከዚህ የበለጠ የተከታይ ፊልም ምሳሌ አላውቅም። ትርጉሙ ጠፍቶ ትእዛዙ ብቻ የቀረ ቀልድ ነው። የመጀመሪያው ፊልም የፀጉር ቤት ሽማግሌዎች ያው ወንበር ላይ ናቸው፤ ማክዶዌልስ ዛሙንዳ ውስጥ ቅርንጫፍ ከፍቷል፤ መድረክ ላይ የጥንቱ ዘፋኝ ራንዲ ዋትሰን እንደገና ይወጣል። ንጉሡ ገና በሕይወት ሳሉ ባስደገሱት ቀብር ላይ ግላዲስ ናይትና ጓደኞቿ ይዘፍናሉ። አሜሪካ ላደገ ሰው ይህ ትዝታ ነው። በእኛ ቤት ግን አንድ ሳቅ ብቻ ተሰማ፤ አስተርጓሚውም «የድሮ ዘፋኞች ናቸው» ብሎ ዝም አለ። ትዝታ አይተረጎማማ።

ሠሪዎቹ ይህን አያውቁም እንዳልል፣ ያውቃሉ። ላቬልና የቤተ መንግሥቱ ፀጉር አስተካካይ ሚሬምቤ ስለ ፊልም የሚጫወቱበት ቦታ አለ። አሜሪካ የምትሠራው ማንም ያልጠየቀውን የድሮ ፊልም ተከታይ ነው ብለው ያማሉ፤ ጥሩውን ነገር ለምን ማበላሸት ይባባላሉ። ብልህ ቀልድ ነው። ነገር ግን በራስ ላይ መቀለድ ጥፋትን አያርምም። ሰክሬአለሁ ብሎ የሚነዳ ሹፌር ከሰካራምነቱ አይድንም።

ፊልሙ ምንም የለውም ለማለት አልደፍርም። የዌስሊ ስናይፕስ ጄኔራል ኢዚ በገባ ቁጥር በዳንስ የሚገባው አገባብ ሦስቱንም ሳቅ አግኝቷል፤ በጎረቤት አገር ጄኔራል መሳቅን እኛ አካባቢ ማንም አያስተምረውም። ከዚህም በላይ አንድ እውነተኛ ሐሳብ አለው። በወጣትነቱ የአባቱን ሕግ የጣሰው አኪም አርጅቶ ራሱ ሕጉን ጠባቂ ሆኗል። ዕድሜ ልኳን ለዙፋን የሠለጠነች ታላቅ ልጁን ሚካን ገሸሽ አድርጎ ቋንቋውን ለማያውቅ ወንድ ልጅ ዘውድ ያዘጋጃል። ጥያቄው ከመጀመሪያው ፊልም አጥንት የወጣ ነው፦ አመፀኛው አባት ሲሆን ምን ይሆናል? ይህ ብቻውን ለአንድ ፊልም ይበቃ ነበር። ግን የድሮ ቀልዶች ተራቸውን ሲጠብቁ የሚካ ጉዳይ መጨረሻ ላይ በጥድፊያ ይዘጋል፤ አባቷ ሕጉን ይለውጣል፣ ጭፈራ ይጀመራል።

ዘመን የቆየ ኮሜዲ ሲቀጠል እንዲህ ሲሆን ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ላንዲስ ራሱ የ1980ውን «ዘ ብሉዝ ብራዘርስ» ጆን ቤሉሺ ከሞተ በኋላ በ1998 ቀጥሎታል፤ ግማሽ ነፍሱ የጠፋ ፊልም ሆነ። «ዙላንደር» አሥራ አምስት ዓመት ቆይቶ በ2016 ሁለተኛ ሲወጣ ከቀዳሚው የቀረው ስሙ ነበር። በተቃራኒው በ2017 የወጣው «ፓዲንግተን 2» ተከታይ ኮሜዲ ከቀዳሚው ሊበልጥ እንደሚችል አሳይቷል። ከፔሩ የመጣው ድብ በመጀመሪያው ቤት ፈለገ፤ በሁለተኛው ቤቱ በእሱ ያምን እንደሆነ ተጠየቀ። እሱም የስደተኛ ታሪክ ነው። የእኛ ሲኒማም ከዚህ ውጭ አይደለም። በ2007 የአድማሱ ከበደ «የወንዶች ጉዳይ» ለአማርኛ አስቂኝ የፍቅር ፊልም መንገድ ከፋች ሆኖ ሲሳካ ሁለተኛው ተከተለ። የኛ አዘጋጆች ርዕስ ላይ «2» ከመጻፋቸው በፊት መጠየቅ ያለባቸው አንድ ነገር ነው፦ ባለታሪካችን ያኔ ያልተጠየቀው፣ ዛሬ ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ አለው?

ጥያቄ ላላጣ ሰው ታሪኩ እዚህ ሞልቷል። ከጋምቤላ ድንበር ማዶ የአኙዋክ ነገሥታት መንበር አለ፤ ንግሥና ከአባት ወደ ልጅ ከጥንታዊ የዶቃ ሐብል ጋር የሚተላለፍበት። በስደት ካናዳ ይኖሩ የነበሩት አዶንጎ አጋዳ በ2000ዎቹ መጀመሪያ የአባታቸውን ዙፋን ለመረከብ ተመልሰዋል፤ በ2011 እስኪያርፉም ነግሠዋል። የፊልም ጸሐፊ ይህን ፈጥሮ ቢያመጣ «አበዛኸው» ይባል ነበር። ከካናዳ በረዶ ወደ አባት ዙፋን የተመለሰ ሰው ሻንጣው ውስጥ ምን ይዞ መጣ? የክረምት ካፖርቱን ለማን ሰጠው? በመጀመሪያው ማለዳ ማንን ሰላም አለ? ሰላምታው እንዴት ተመለሰለት? ዛሙንዳ ይህን ልታስበው አልቻለችም፤ ምክንያቱም ዛሙንዳን የጻፏት ሰዎች የሚያውቁት ኩዊንስን ነበር። የመጀመሪያው ፊልም የቆመው በሚያውቁት ላይ ነው፤ ሁለተኛው የወደቀውም በማያውቁት ላይ ነው።

ፍርዴን ልስጥ። የ1988ቱን «ካሚንግ ቱ አሜሪካ» ያላየ ይይ፤ ያየም ይድገመው፤ ከተቻለ ቋንቋ ከማይሰማ ሰው ጎን ተቀምጦ እያስተረጎመ። የ2021ዱን ለጄኔራል ኢዚ አገባብና ለአንበሳው ሲባል አንዴ ማየት ይበቃል፤ ሜሞሪ ላይ ቦታ ካነሰ መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ይሁን። ካሜራ ይዘው ባሮ ዳር ሠርግና ምርቃት ለሚቀርጹ የጋምቤላ ወጣቶች ደግሞ አንድ ቃል አለኝ፤ ያ ከሚኒሶታ የመጣው ልጅ ሦስተኛው አያቱ ስም ላይ ሲቆም ካሜራችሁን እንዳታጠፉት።